ለእህቶቿ የጻፈችው በዓል

ከ1600 ዓመት በፊት አንዲት ሴት ከምዕራቡ ዓለም ዳርቻ ተነሥታ ኢየሩሳሌም ገባች። ያየችውንም ሁሉ አገር ቤት ለቀሩት መንፈሳዊ እህቶቿ ጻፈችላቸው። ስሟ ኤጌሪያ ይባላል። ደብዳቤዋ ስለ ተራራና ስለ ገዳም፣ ስለ መንገድ ድካምና ስለ መነኮሳት ደግነት ያወራል፤ ልቧ ያረፈው ግን በዓሉ ላይ ነው። በስንት ሰዓት እንደሚጀመር፣ ሕዝቡ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚነበብ፣ ሰው የቱ ጋ ሲደርስ እንደሚያለቅስ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እነርሱ መምጣት አልቻሉምና በዓሉን ልትልክላቸው ፈለገች።

ይህ ጽሑፍ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ጃን ፍራንቼስኮ ጋሙሪኒ የተባለ ጣሊያናዊ ምሁር በአሬዞ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገለበጠ አንድ የብራና መጽሐፍ ሲመረምር አገኘው። መጀመሪያውና መጨረሻው የለም፤ ከመካከሉም የጎደሉ ቅጠሎች አሉ። የጸሐፊዋ ስም እንኳ አብሮ ጠፍቶ ስለነበር፣ ሊቃውንቱ ማንነቷን የለዩት ቫሌሪዮስ የተባለ የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የስፔን መነኩሴ ስለ እርሷ ለገዳም ወንድሞቹ ከጻፈው የምስጋና መልእክት ተነሥተው ነው። ጉዞዋን እ.ኤ.አ. ከ381 እስከ 384 ባሉት ዓመታት ያደርጉታል። የኢየሩሳሌም ጳጳስ ያን ጊዜ ቅዱስ ቄርሎስ ነበር፤ እርሷ ግን በስሙ አትጠራውም፤ ጳጳሱ ብቻ ትለዋለች።

ኤጌሪያ ያየችውን ለብቻዋ የምትይዝ ሴት አልነበረችም። ደብረ ሲናን በእግሯ ወጥታ እሑድ በአራት ሰዓት ጫፉ ላይ ስትደርስ፣ በቦታው የሙሴ መጽሐፍ ተነበበ፤ ቅዳሴው ሲያበቃ መነኮሳቱ በተራራው ላይ ከሚበቅለው ፍሬ በረከት ሰጧት። ይህን ሁሉ ለእህቶቿ ስትጽፍ የሰው ደግነት ከተራራው ግርማ እኩል ቦታ አለው። ኤዴሳ ስትደርስም ጳጳሱ ከምድር ዳር ድረስ መምጣቷን አድንቆ፣ ንጉሥ አብጋር ለጌታ ላከው፣ ጌታም መለሰለት የሚባለውን የደብዳቤ ቅጂ ሰጣት። አገሯ ውስጥ ቅጂው እንዳለ ታውቃለች። ይህኛው ግን የበለጠ የተሟላ ሆኖ አገኘችውና፣ በሰላም ከተመለሰች እህቶቿ እንደሚያነቡት ቃል ገባችላቸው። በተረፈው ጽሑፍ ውስጥ ከዘመኗ ሰዎች በስም የጠራችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ማርታና የምትባል ዲያቆናዊት፣ ኢየሩሳሌም ስትሳለም የተዋወቀቻት ወዳጇ። በኋላ በሴሌውቅያ፣ በቅድስት ቴክላ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ድንገት ሲገናኙ የሁለቱን ደስታ በቃል ለመግለጽ አቅቷት እናያለን።

ወደ በዓሉ እንምጣ። ኤጌሪያ ሰዓቱን የምትቆጥረው እኛ እንደምንቆጥረው ከንጋት ጀምራ ስለሆነ፣ አማርኛ አንባቢ ጽሑፏን ሲከተል መደመርና መቀነስ አያስፈልገውም። በሆሳዕና እሑድ ሕዝቡ ጠዋት እንደ ልማዱ አስቀድሶ ወደየቤቱ ይሄድና በሰባት ሰዓት ደብረ ዘይት ላይ ይሰበሰባል። መዝሙርና ንባብ ይቀጥላል። በዘጠኝ ሰዓት ጌታ ወዳረገበት ስፍራ ይወጣሉ። ልክ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሕፃናት ዘንባባ ይዘው ጌታን የተቀበሉበት የወንጌል ክፍል ይነበባል። ያን ጊዜ ጳጳሱ ይነሣል፤ ሕዝቡም ሁሉ በእግሩ ከተራራው መውረድ ይጀምራል፤ ዘንባባ የያዘ አለ፣ የወይራ ቅርንጫፍ የያዘ አለ። መሄድ ያልቻሉ ሕፃናት በአባትና በእናታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ቅርንጫፋቸውን ይዘዋል። ሕዝቡ እንዳይደክም ሰልፉ ቀስ ብሎ ይራመዳልና ከተማው የሚደርሰው መሽቶ ነው።

ሕዝቡ እንዳይደክም የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። ኤጌሪያ ሥርዓቱን ብቻ አላየችም፤ ሥርዓቱ ለደካማው እንዴት እንደሚራራ አይታለች። ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያም እንዲሁ ነው። ሕዝቡ ሌሊቱን ሁሉ በደብረ ዘይት ሲጸልይ አድሮ ጌቴሴማኒ ይወርዳል። በጾምና በትጋት ስለደከመ አካሄዱ የዝግታ ነው፤ ከ200 የሚበልጡ መብራቶች መንገዱን ያበሩለታል። ጌታ የተያዘበት ወንጌል ሲነበብ ለቅሶው ከተማው ድረስ ይሰማል ትላለች። ሰው የሰውን መልክ መለየት በሚጀምርበት ሰዓት የከተማው በር ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ ጳጳሱ ሕዝቡን ያጽናናል፤ ሌሊቱን እንደደከሙ ያውቃል፤ ጥቂት አረፍ ብለው በሁለት ሰዓት ለመስቀሉ ስግደት እንዲመለሱ ይነግራቸዋል።

ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ሕዝቡ በተራ እያለፈ መስቀሉን ይሳለማል። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ይቀርባል፤ ጳጳሱ ተቀምጦ የመስቀሉን ግማድ ሁለት ጫፍ በእጁ አጥብቆ ይይዛል፤ ዲያቆናት ዙሪያውን ይጠብቃሉ። ሰው ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ በግንባሩ፣ ቀጥሎ በዓይኑ ይነካና ስሞ ያልፋል፤ በእጁ አይነካም። ዲያቆናቱ የሚጠብቁት ለምን እንደሆነም ነግረዋታል፤ አንድ ጊዜ አንድ ሰው የሚስም መስሎ ከቅዱሱ ዕንጨት በጥርሱ ቆርሶ ወስዷል ይባላል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ስለ ሕማሙ የተነገረው ሁሉ፣ ከመዝሙርና ከነቢያት እስከ ወንጌልና ሐዋርያት፣ ሳይቋረጥ ይነበባል። በዚህ ጊዜ የማያለቅስ ትልቅም ሆነ ትንሽ የለም። የስቅለት ዕለት ከጠዋት ጀምሮ በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ ሰዓት በንባብና በስግደት የሚውል የእኛ አገር ምእመን ይህን ሲያነብ ባዕድ ነገር አይሆንበትም።

ሌላው ኤጌሪያ በስፋት የጻፈችው ጉዳይ የአዲስ ክርስቲያኖች አቀባበል ነው። በዐቢይ ጾም መግቢያ ሊጠመቁ የሚፈልጉ ሰዎች ይመዘገባሉ። ወንዶቹ ከክርስትና አባቶቻቸው፣ ሴቶቹ ከክርስትና እናቶቻቸው ጋር ሆነው አንድ በአንድ ጳጳሱ ፊት ይቀርባሉ። ጳጳሱ የሚጠይቀው ጎረቤቶቻቸውን ነው። ይህ ሰው አኗኗሩ እንዴት ነው? አባት እናቱን ያከብራል? ሰካራም ወይም ሐሰተኛ አይደለም? መልካም ምስክር የተገኘለትን ጳጳሱ በገዛ እጁ ስሙን ይጽፋል፤ ነቀፋ ያለበትን ግን ጠባዩን አርሞ እንዲመለስ ይነግረዋል። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ የሚያውቁት ሰዎች ካልመሰከሩለት ወደ ጥምቀቱ መድረስ ይከብደዋል። ከዚያ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ለሦስት ሰዓታት ያህል ትምህርት ነው፤ ከኦሪት ዘፍጥረት ይጀመርና መጻሕፍቱ ሁሉ ይተረጎማሉ። በትንሣኤ ሳምንት የምሥጢራቱ ትርጓሜ ሲነገራቸው አዲሶቹ ክርስቲያኖች የሚያሰሙት የደስታ ድምፅ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር።

ልብ በሉ፤ ሰው ብቻውን ወደ እምነት አይገባም ነበር። የሚያቀርበው ወዳጅ፣ የሚመሰክርለት ጎረቤት፣ አብሮት የሚቆም የክርስትና አባት ያስፈልገው ነበር። ያ ወዳጅ መጀመሪያ ምን አድርጎ ይሆን ያመጣው? ኤጌሪያ አትነግረንም። እኔ ግን አንድ ሆሳዕና ደብረ ዘይት ድረስ ና፣ አብረን እንውጣ ብሎት ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ።

የእኛው አባት ታሪክም ከዚያው ተራራ ጋር የተገናኘ መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ የበለጠ ይቀርበናል። የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስን ታሪክ ለምዕራቡ ዓለም የጻፈው ሩፊኖስ፣ ኤጌሪያ ኢየሩሳሌም በነበረችባቸው ዓመታት ገደማ ደብረ ዘይት ላይ በመነኮሳት መካከል ይኖር ነበር። ታሪኩን የሰማው ከፍሬምናጦስ ጓደኛ ከኤዴስዮስ አፍ መሆኑን ራሱ ይናገራል። በዚያ ትረካ መሠረት ፍሬምናጦስ በአክሱም ቤተ መንግሥት ሳለ መጀመሪያ ያደረገው ነገር፣ ከሮማ ግዛት ከመጡት ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖቹን እየፈለገ ተሰብስበው የሚጸልዩበት ስፍራ እንዲያበጁ መርዳት ነው። ጳጳስ ከመሆኑ በፊት፣ ወደ እስክንድርያው አትናቴዎስ ከመሄዱም በፊት፣ ወዳጆችን ለጸሎት ሰብስቧል።

መስቀልም እንዲሁ ከኢየሩሳሌም ጋር ያስተሳስረናል። ኤጌሪያ ከትንሣኤና ከኤጲፋንያ እኩል አድርጋ የምትገልጸው አንድ ትልቅ በዓል አለ፤ የጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን የተቀደሰበትና መስቀሉ የተገኘበት መታሰቢያ። ስምንት ቀን ይከበራል። ከሜሶጶጣምያ፣ ከሶርያ፣ ከግብፅ መነኮሳትና ምእመናን ይጎርፋሉ፤ ጳጳሳቱ ሲያንሱ ከ40 ወይም ከ50 አያንሱም። በጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር ይህ በዓል በሴፕቴምበር አጋማሽ የሚውል ሲሆን፣ በዚያ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 13 እና 14 የሚባሉት ቀኖች በእኛ መስከረም 16 እና 17 ናቸው። በእኛም ስንክሳር መስከረም 16 የዚያው የኢየሩሳሌሙ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ይታሰባል፤ የመስቀል ዋዜማ፣ ደመራ የሚደመርበት ቀን ማለት ነው። ጾሙም ቢሆን ኤጌሪያ በኢየሩሳሌም ስምንት ሳምንት እንደሚጾም ትጽፋለች፤ የእኛም ሁዳዴ ስምንት ሳምንት ነው።

ከደብዳቤው ሁሉ እኔን አጥብቆ የያዘኝ ግን በመጨረሻው አካባቢ ያለ አጭር ክፍል ነው። በኢየሩሳሌም ከሕዝቡ አንዳንዱ ግሪክኛ ብቻ፣ አንዳንዱ ሱርስት ብቻ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ይሰማል። ጳጳሱ ሱርስት ቢያውቅም የሚያስተምረው በግሪክኛ ነው፤ አንድ ቄስ ግን ሁልጊዜ አጠገቡ ቆሞ ሕዝቡ እንዲረዳ በሱርስት ይተረጉማል። ንባቡም እንዲሁ። ሁለቱንም የማያውቁት ላቲኖችስ? እነርሱም እንዳያዝኑ፣ ግሪክኛና ላቲን የሚችሉ ወንድሞችና እህቶች በላቲን ያስረዷቸዋል። ኤጌሪያ ራሷ ከእነዚያ እንግዶች አንዷ ሳትሆን አልቀረችም። ጎኗ ቆሞ የነገራት ሰው ባይኖር ኖሮ፣ እህቶቿ ያን ሁሉ ዝርዝር ከየት ያገኙት ነበር?

የሥርዓተ አምልኮ ታሪክ ሊቃውንት የሆሳዕና ዑደትና የስቅለት መስቀል ስግደት ከኢየሩሳሌም ወደ ሌላው ዓለም የተዳረሰው በአብዛኛው እንዲህ ባሉ ተሳላሚዎች መሆኑን ያስረዳሉ። ሰው ሄዶ አየ፣ ተመልሶ ለወዳጆቹ አወራ፣ ወዳጆቹም በገዛ አገራቸው ኮረብታ ፈልገው ዘንባባ ይዘው ወጡ። ከእኛ አገርም በየዘመኑ ኢየሩሳሌም ሄደው የተመለሱ እናቶችና አባቶች ሻማና መስቀል ይዘው መጥተው፣ የጎልጎታን ነገር ለጎረቤት ሲያወሩ ኖረዋል።

ዛሬ በአገር ቤትም በውጭም ባሉ አብያተ ክርስቲያናት እንግዳ ይመጣል። የሥራ ባልደረባ ጥምቀትን ለማየት ጃንሜዳ ይወርዳል፤ በአሜሪካ የተወለደ ልጅ የክፍል ጓደኛውን ይዞ ለትንሣኤ ይመጣል። ቅዳሴው በግእዝ ነው፤ ስብከቱ በአማርኛ። ብዙ አጥቢያዎች የቅዳሴውን ቃል በሦስት ቋንቋ በትልቅ ስክሪን ላይ ማሳየት ጀምረዋል፤ መልካም ሥራ ነው፣ ሊስፋፋም ይገባዋል። እንግዳው ግን ስክሪኑ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች አሉት። ጫማ ለምን ይወልቃል? ወንድና ሴት ለምን ለየብቻ ይቆማሉ? ባለፈው ስመጣ የሰማሁት ከበሮ በጾሙ ለምን ዝም አለ? ሕዝቡ ድንገት ሲሰግድ እኔ ምን ላድርግ? እነዚህን በቀስታ የሚመልስለት አንድ ሰው አጠገቡ እንዲቆም እመኛለሁ። ብዙ ጊዜ ግን የጋበዘው ወዳጁ ራሱ ወደ መቅደሱ ጠጋ ብሎ ይቆምና፣ እንግዳው ወደ ኋላ ቀርቶ በሩ ጋ ብቻውን ሆኖ ሦስት ሰዓት ያሳልፋል። በኤጌሪያ ዘመን ኢየሩሳሌም ውስጥ ለትርጉም ሥራ የተመደበ ቄስ ነበር፤ ለላቲኖቹ ግን የተመደበ ሰው አልነበረም፤ ቋንቋቸውን የሚያውቁ ምእመናን ራሳቸው ከጎናቸው ቆሙ።