ከአቃቂ እስከ ኮልፌ፤ በገመድ አልባ ግንኙነት ተራ የማስከበር ታሪክ

ገመድ አልባ ግንኙነት ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በ1935 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ሞገድ ለየጣቢያው ተለይቶ ይመደብ ስለነበር፣ ተራ አስከባሪው ሰው ነበር። ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ ሥራ በሚበዛበት ጽሕፈት ቤት ግን የብዙ ሠራተኞች ኮምፒውተርና ስልክ በአንድ ሞገድ ይሻማሉ። ባለጉዳዩ ከመስኮቱ ፊት ቆሞ «ኔትወርክ የለም» ሲባል፣ መስመሩ ሳይቋረጥ ተራው ብቻ የጠፋበት ጊዜ አለ።

ይህ ችግር ጎልቶ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ የደሴቶቹን ኮምፒውተሮች በራዲዮ ባገናኙ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ባሻው ጊዜ ይልክ ነበር። ሁለት ጣቢያዎች በአንድነት ከላኩ መልእክቶቻቸው ተጋጭተው ይበላሻሉ፤ እንደገናም ይላካሉ። በስሌት ሲመረመር፣ ከሞገዱ አቅም ለጠቃሚ ሥራ የሚውለው ቢበዛ 18 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። በኋላ የመላኪያው ጊዜ በእኩል ክፍሎች ሲሸነሸን ይኸው አቅም ወደ 37 በመቶ ከፍ አለ። ሞገዱ ያው ሳለ ሥርዓቱ ብቻ ስለተለወጠ ውጤቱ እጥፍ ሆነ።

በ1997 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የዋይፋይ ደንብ እያንዳንዱ መሣሪያ ከመላኩ በፊት እንዲያዳምጥ አዘዘ። ይሁን እንጂ ማዳመጥና መጠበቅም ጊዜ ይፈጃል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በሰከንድ 11 ሜጋቢት የተባለለት ዓይነት በተግባር የሚሰጠው የዚህን ግማሽ ያህል ነበር። ከዚህም በላይ፣ ከማሰራጫው ርቆ በዝግታ የሚልክ አንድ ኮምፒውተር ሞገዱን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ የቀሩትን ሁሉ ያስጠብቃል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስፋፋው ስድስተኛው ትውልድ አንዱን ቻናል ከፋፍሎ ለብዙዎች በአንድ ጊዜ ማደል የጀመረው ይህንኑ ለማቃለል ነው።

እንግዲህ የግዥ ኮሚቴ በካርቶኑ ላይ የታተመውን ፍጥነት ብቻ አይቶ ሊወስን አይገባውም። ለተጨናነቀ ቢሮ ከአንድ ኃይለኛ ማሰራጫ ይልቅ ኃይላቸው የተመጠነ ብዙ ማሰራጫዎች ይሻላሉ። በ2.4 ጊጋኸርዝ የማይነካኩት ቻናሎች በተለመደው አከፋፈል 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ፣ በተቻለ መጠን 5 ጊጋኸርዝ ይመረጣል። ቆርቆሮና ብረት የበዛበት ኮንክሪት ሞገድን ስለሚያግዱ፣ የማሰራጫዎቹ ቦታ ክፍሎቹን በመለካት ይወሰን። ማሰራጫዎቹና ከጠረጴዛ የማይነሡት ኮምፒውተሮች በገመድ ቢያያዙ፣ ሞገዱ ከቦታ ቦታ ለሚንቀሳቀሱት ይተርፋል። ፍተሻውም ባለጉዳይ በሚበዛበት ሰዓት ይደረግ፤ ባዶ ቢሮ ውስጥ ሁሉም መሣሪያ ፈጣን ነውና።