በጅራቱ የሚመታ

ሥራዬ ከወረቀት ጋር ነው። ይሁንና ለብድር መያዣ የሆነ ሸቀጥ በዓይን ታይቶ መቆጠር ስላለበት፣ ከዓመታት በፊት ወደ አንድ መጋዘን ተላክሁ። አንገቴን መዝገብ ላይ ደፍቼ ጆንያ ስቆጥር፣ በስተግራዬ የነበረ ፎርክሊፍት ወደ ግራ መታጠፍ ጀመረ። ከእኔ እየራቀ መስሎኝ ቁጥሬን ቀጠልሁ። ድንገት አንድ አዛውንት ጫኝ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ፤ የመኪናው የኋላ ብረት ቆሜበት የነበረውን ቦታ ጠርጎት አለፈ። መዝገቤ ከጎማው ሥር ቀረ።

«ልጄ፣ ይኼ የሚመታው በጅራቱ ነው» አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ የመኪናውን ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ፣ ሚሺጋን ግዛት፣ ቡካናን ከተማ ውስጥ ክላርክ የተባለው ኩባንያ ለገዛ ፋብሪካው የዕቃ ማመላለሻ ሠራ። ለገበያ የታሰበ አልነበረም፤ ፋብሪካውን ሊጎበኙ የመጡ ሰዎች ናቸው አይተው «ለእኛም ሥሩልን» ያሉት። ቆይቶ ማንሻ ሹካ ተበጀለት፤ ፓሌትም ተከተለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስንቅና ጥይት በየወደቡና በየመጋዘኑ የሚደረድር እርሱ ሆነ።

አሠራሩ የሚዛን ነው። የፊት ጎማዎቹ መካከለኛው ድጋፍ ናቸው፤ ከፊታቸው ሸክሙ፣ ከኋላቸው ሸክሙን የሚመክት ከባድ ብረት አለ። በጠባብ መተላለፊያ እንዲዞር መሪው የሚያዝዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ስለዚህ ፊቱ ወደ ግራ ሲሄድ ጀርባው ወደ ቀኝ ይወረወራል። ሸክሙ ከፍ ብሎ ሲደረደር ደግሞ ነጂውን ይጋርደዋል። እግረኛው መኪናውን አየሁ ብሎ ይተማመናል፤ ነጂው ግን እግረኛውን አላየውም።

ሕጉ ከመኪናው ዘግይቶ ደረሰ። አሜሪካ የሥራ ላይ ደኅንነት ሕጓን ያወጣችው በ1970 ነው፤ ነጂው በሚሠራበት ቦታ ሠልጥኖና ተፈትኖ እንዲነዳ በዝርዝር የሚያዝዘው ደንብ የወጣው ደግሞ በ1998፣ መኪናው በተወለደ በ81 ዓመቱ። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን ወለሉ ላይ የእግረኛ መስመር ካልተሰመረ፣ የሰውና የመኪናው መንገድ በአጥር ካልተለየ፣ አዋጁ ከወረቀት አይወርድም። በዚያ መጋዘን መስመር አልነበረም፤ የነበሩት እኒያ አዛውንት ናቸው።

ፎርክሊፍት የሰውን ጀርባ ከሸክም አሳርፏል፤ በጀርባው የሚኖረውን ሰው እንጀራም ወስዷል። አዛውንቱ ባላንጣቸውን አሳምረው ያውቁት ነበር፤ ለዚህም ነው እኔ ያላየሁትን ያዩት።

ጆንያውን አንድ ሳላስቀር ቆጥሬ ፈረምሁ። የእርሳቸውን ስም ግን ሳልጠይቅ ወጣሁ።