የወተት መርፌ ታሪክ

በየቀበሌው ስንዘዋወር «በፈረንጅ አገር ላም ተወግታ ወተት ትጨምራለች የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ተብለን በተደጋጋሚ እንጠየቃለን። እውነት ነው፤ ታሪኩ ግን ረጅም ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1937 አሲሞቭና ክሩዝ የተባሉ የሶቪየት ተመራማሪዎች፣ ከከብት አንጎል ሥር ከምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ የተወሰደ ፈሳሽ ላሞችን ሲወጉ ወተት መጨመሩን ዘገቡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞችም ጉዳዩን አጠኑት፤ ሆኖም ዕጢው የሚገኘው ከታረደ ከብት በመሆኑ ለብዙ ላም የሚበቃ ሆርሞን ሊገኝ አልቻለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን የሆርሞኑን ዘረ መል ባክቴሪያ ውስጥ በማስገባት በፋብሪካ ማምረት ተቻለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1993 ፈቀደ፤ የሞንሳንቶ ኩባንያ ምርት የሆነው ፖሲላክም በ1994 ገበያ ላይ ዋለ። በየ14 ቀኑ ይወጋል፤ ወተት ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ሆርሞኑ መኖ አይደለም። የሚሠራው ላሟ የበላችው ምግብ ይበልጥ ወደ ወተት እንዲሄድ በማድረግ ነው፤ በመሆኑም የተወጋች ላም ብዙ መብላት ይኖርባታል። በገለባ ለከረመች ላም መርፌው ምን ይጨምርላታል? ከዚህም ሌላ የጡት በሽታ ሊያበዛ እንደሚችል በራሱ በመድኃኒቱ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ካናዳ በ1999 ያልፈቀደችው የጡት በሽታን፣ ማንከስንና የመራባት ችግርን ምክንያት አድርጋ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2000 ጀምሮ በቋሚነት ከልክሏል።

የአሜሪካ አነስተኛ አርቢዎች ሥጋት ደግሞ ዋጋ ነበር። ወተት ተትረፍርፎ መንግሥት በ1986 ገንዘብ እየከፈለ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የወተት ከብት ከእርባታ ያስወጣበት አገር ነው፤ ተጨማሪ ወተት ማን ይገዛል ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ሸማቹም መጠራጠሩን አልተወም።

ለእኛ ቅርብ የሚሆነው በኦሪገን ክፍለ ግዛት የሚገኘው፣ በ1909 የተመሠረተው የቲላሙክ አይብ አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ታሪክ ነው። ማኅበሩ ከሸማቾች በሚቀርብለት ጥያቄ ምክንያት አባላቱ መርፌውን እንዲያቆሙ ወሰነ። ቅር የተሰኙ አባላት ስለነበሩ ጉዳዩ በ2005 ለአባላት ድምፅ ቀረበ፤ ክልከላው በአብላጫ ድምፅ ጸና። ሞንሳንቶም በ2008 የፖሲላክን ሥራ ለኢላይ ሊሊ ኩባንያ ሸጦ ወጣ።