የግብረ ሰናይ ድርጅቶች ስም፣ መልእክትና ከመንግሥት ጋር ያላቸው ግንኙነት - የሊቦ ከምከም ልምድ እንደ ማሳያ

ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ወደ አንድ ወረዳ ሲገባ ከመድኃኒቱና ከእህሉ ቀድሞ የሚደርሰው ስሙ ነው። ስሙና አርማው በተሽከርካሪው በር፣ በጤና ጣቢያ ግቢ በሚተከለው ሰሌዳና በሠራተኞቹ ሰደርያ ላይ ይታያል። ይህን በድርጅቶቹ በኩል የሚከታተል የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ አለ። በወረዳና በዞን መሥሪያ ቤቶች በኩል ግን ስሙ ማንን እንደሚያመለክት፣ በሕዝብ ፊት የሚነገረው መልእክት የማን እንደሆነ፣ ድርጅቱ ሲወጣም አገልግሎቱ በማን ስም እንደሚቀጥል የሚጠይቅ ኃላፊ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በደቡብ ጎንደር ዞን ሊቦ ከምከም ወረዳ ከ1997 እስከ 2000 ዓ.ም. በተካሄደው የካላዛር በሽታ ሕክምና እነዚህ ጥያቄዎች በተግባር ተነሥተዋል።

ሊቦ ከምከም በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፣ ዋና ከተማው አዲስ ዘመን ነው። በዚሁ ወረዳ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች መገናኛና ታዋቂ ገበያ እንደነበረች የታሪክ ጽሑፎች ያስረዳሉ። የአካባቢው አርሶ አደር ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ በሽታና ስለ መንግሥት ውሳኔ በአብዛኛው የሚሰማው እንዲህ ባለው ገበያ ነው። በመሆኑም በወረዳው ከተማ ስብሰባ ብቻ የተነገረ መልእክት ገበያው ካልደረሰ ቀበሌው ደርሷል ለማለት ያስቸግራል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በወረዳው አንዳንድ ቀበሌዎች ለረጅም ጊዜ ትኩሳት የያዛቸው፣ ሰውነታቸው የከሳና ሆዳቸው ያበጠ ሕሙማን በብዛት መታየት ጀመሩ። በመጀመሪያ የወባ መድኃኒት ያልበገረው ወባ እንደሆነ ተገመተ፤ የታይፎይድ ሕክምና የተሰጣቸውም ነበሩ። ካላዛር ይታወቅ የነበረው በሑመራና በመተማ ቆላማ አካባቢ፣ በተለይም ወደዚያ ለቀን ሥራ በሚሄዱ ሰዎች ዘንድ ስለነበር በደጋውና በወይና ደጋው ይከሰታል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በሽታው በአሸዋ ዝንብ አማካይነት የሚተላለፍ ሲሆን፣ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ለሞት ያበቃል። ስሙ በወቅቱ ባለመታወቁ ብዙ ቤተሰብ ጥሪቱን ለማይፈውስ መድኃኒት አውጥቷል፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ።

ግንቦት 1997 ዓ.ም. በሽታው ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅትም በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል አቋቁሞ በዚያው ወር ሥራ ጀመረ። በአካባቢው ብቸኛ በነበረው በዚህ ማዕከል እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ድረስ ከ2,400 በላይ አዲስ ሕሙማን የታከሙ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትም በብዛት ይገኙባቸዋል። የሕፃናቱ መታመም በሽታው ከሑመራ ተመላሾች ጋር ብቻ የመጣ ሳይሆን በዚያው በወረዳው የሚተላለፍ መሆኑን ከሚያመለክቱት ነገሮች አንዱ ነበር።

የማዕከሉ ሥራ መርፌ በመስጠት ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። ሕክምናው በወቅቱ 1 ወር ያህል በየቀኑ የሚሰጥ መርፌ በመሆኑ፣ አርሶ አደሩ ማሳውን ትቶ፣ እናትም ሌሎች ልጆቿን ለጎረቤት ሰጥታ መቆየት ነበረባቸው። ይህን ያህል መሥዋዕትነት ለመጠየቅ ደግሞ መልእክቱ አጭርና ሁሉም የሚረዳው መሆን ይኖርበታል፦ ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ካለፈና ጣፊያ ካበጠ ምርመራ ያስፈልጋል፤ በሽታው ወባ አይደለም፤ ሕክምናው በነጻ ይሰጣል። በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች ቀን በግራር ዛፍ ሥር መተኛትና ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር ለበሽታው እንደሚያጋልጡ ሲያመለክቱ፣ በመልእክቱ ላይ የሚጨመረው ነገር ሰብል ለመጠበቅ ሜዳ የሚያድረውን ገበሬ የዕለት ኑሮ የሚነካ ሆነ። አትተኛ ማለት ቀላል ነው፤ ሰብሉን ማን ይጠብቅ ለሚለው ግን በራሪ ወረቀት መልስ አይሰጥም። እንዲህ ያለውን መልእክት በቀበሌው ቋንቋ አስማምቶ መናገር የሚችሉት በወቅቱ ሥራ በመጀመር ላይ የነበሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የቀበሌ አመራሮች ናቸው።

የድርጅቱ ስም ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሕመምተኛው የሚያውቀው “ድንበር የለሽ” የሚለውን መጠሪያ ነው። ከዚህ አንድ ስም በስተጀርባ ግን በፓሪስ፣ በአምስተርዳም፣ በብራሰልስ፣ በጄኔቫና በባርሴሎና - አቴንስ የተደራጁ የሥራ ማዕከላት ነበሩ። ሊቦ ከምከም የገባው የመጨረሻው ነበር። እንዲያውም የግሪኩ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1999 በኮሶቮ ጉዳይ ከንቅናቄው ተወግዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመለሰ ሲሆን፣ ይህም የሊቦ ከምከም ሥራ የተጀመረበት ዓመት ነው። ለሕመምተኛው ይህ ሁሉ ምንም ላይሆን ይችላል። የስምምነት ሰነድ ለሚፈርም የመንግሥት ኃላፊ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ለዚህ ሁለት አጋጣሚዎች ይጠቀሳሉ። በ1978 ዓ.ም. በደርግ ዘመን የድርጅቱ የፈረንሳይ ክፍል በድርቅ የተጎዱ ወገኖችን የማስፈር ሥራ በግዳጅ እየተፈጸመ ነው በማለት በይፋ በመቃወሙ ከአገር እንዲወጣ ተደርጓል። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ደግሞ በወቅቱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ኤጀንሲ ይባል የነበረው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የድርጅቱን የሆላንድ ክፍልና የኖርዌይ ስደተኞች ምክር ቤትን ለ3 ወራት አግዷል። ከቀረቡት ምክንያቶች መካከል በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች የተሳሳተ መረጃ ማሰራጨትና ተገቢው የሥራ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ዜጎች ማሠራት ይገኙበታል። እገዳው የተላለፈው በአንዱ ክፍል ላይ ሲሆን፣ የዚሁ ክፍል ሥራ በነበረው በአብደራፊ የሚሰጠውን የካላዛር ሕክምና ጭምር ነክቷል። በውጭ አገር ቋንቋ በተጻፈ አጭር መግለጫና በአማራ ክልል ቆላ ውስጥ በሚተኛ የቀን ሠራተኛ መካከል ያለው ርቀት የሚመስለውን ያህል እንዳልሆነ ጉዳዩ ያስገነዝባል። መግለጫውን የሚያወጣውም፣ እገዳውን የሚወስነውም አልጋ ላይ ያለውን ሰው አስቀድሞ ሊያስብ ይገባል።

በሕጉ በኩል ሁኔታው በ10 ዓመት ውስጥ ብዙ ተለውጧል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በግጭት አፈታትና በመሳሰሉት መስኮች እንዳይሠሩ ገድቦ ነበር። በዚህም ምክንያት በርካታ ድርጅቶች ዓላማቸውን ብቻ ሳይሆን ስማቸውንና መፈክራቸውን ጭምር ለውጠው በልማት ድርጅትነት ለመመዝገብ ተገድደዋል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ገደብ አንሥቶ፣ ድርጅቶች ዓላማቸውን ለማሳካት በማንኛውም ሕጋዊ ሥራ መሰማራት እንደሚችሉ ደንግጓል። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከመቶ 20 መብለጥ እንደሌለበትም ያመለክታል። የሚመዘገበው ስም ከሌላ ድርጅት ስም ጋር የሚመሳሰል ወይም ከሕግና ከሕዝብ ሞራል ጋር የሚቃረን ከሆነ ምዝገባ ሊከለከል ይችላል። ተቆጣጣሪው አካል ዛሬ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተብሎ ይጠራል።

በክልል ደረጃ የፕሮጀክት ስምምነት የሚፈረመው ከፋይናንስ ዘርፉ መሥሪያ ቤትና ሥራው ከሚመለከተው የሴክተር ቢሮ ጋር ነው። በስምምነቱ የበጀት ሠንጠረዡ በጥንቃቄ ይታያል። በሰሌዳው ላይ የማን ስም እንደሚቀድም፣ መግለጫ ከመውጣቱ በፊት ማን እንደሚያውቀው፣ ርክክቡ መቼ ለሕዝብ እንደሚነገር ግን ብዙውን ጊዜ አይጻፍም።

ስምን በሌላ መንገድ የያዘው በዚሁ ዞን የተጀመረው የትራኮማ መከላከል ሥራ ነው። ደቡብ ጎንደር የዓይነ ማዝ በሽታ በስፋት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ የካርተር ማዕከል ከ1993 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በእብናት፣ በእስቴ፣ በደራና በስማዳ ወረዳዎች ለክልሉ ጤና ቢሮ ድጋፍ መስጠት ጀመረ። ሥራው ወደ መላው ክልል ሲሰፋ በ2001 ዓ.ም. የወባና የትራኮማ ዘመቻ በአንድ ሳምንት እንዲካሄድ ተደረገ፤ መጠሪያውም ከሁለቱ በሽታዎች ስም ተውጣጥቶ “ማልትራ” ተባለ። መድኃኒቱ ፋይዘር ከተባለው ኩባንያ በእርዳታ የሚገኝ፣ ድጋፉም ከውጭ የሚመጣ ቢሆንም ሕዝቡ ወጥቶ መድኃኒት የሚወስደው በማልትራ ሳምንት እንጂ በረጂው ስም አይደለም። የዘመቻው ባለቤት ጤና ቢሮው ነው። ለለጋሹ ድርጅት የሚቀረው ምስጋና ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ ዘመቻው በየዓመቱ ሲመለስ ግን ሕዝቡ “እነማን ናችሁ?” ብሎ አይጠይቅም።

ተቃራኒው አሠራር በእርዳታ እህል ከረጢት ላይ ይታያል። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) በሚያቀርበው እርዳታ ላይ አርማውና የአሜሪካ ሕዝብ ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲታይ አጋሮቹን የሚያስገድድ ደንብ ነበረው። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከታቀፉት የምግብ እጥረት ያለባቸው ወረዳዎች መካከል የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእብናት ነዋሪዎች ይህን ምልክት ለዓመታት አይተውታል። ከረጢቱ ለእህል ማስቀመጫ፣ የዘይቱ ጣሳም ለውኃ መቅጃ ስለሚውል ምልክቱ እህሉ ካለቀም በኋላ በየቤቱ ይቆያል። ዩኤስኤአይዲ ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራው ተቋርጦ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር መጨረሻ ራሱን የቻለ ተቋም መሆኑ አብቅቷል። ቀሪው ሥራ ወደ አገሪቱ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል። በድርጅቱ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ ማኅበራት ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ደመወዝ መክፈል አቅቷቸው ሲበተኑ፣ ተጠቃሚው ለጥያቄው የሚያገኘው የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ብቻ ነበር።

የአገር ውስጥ ተቋማት ስም ከዚህ የተለየ መሠረት አለው። ግንቦት 1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የአማራ ልማት ማኅበር “አልማ” በሚለው ምኅጻረ ቃል የሚታወቅ ሲሆን፣ ከአባላት መዋጮ በተገኘ ገንዘብ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ይሠራል። ከመዋጮው ከፋዮች መካከል ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች በመሆናቸው ከደመወዛቸው የሚቆረጠው ገንዘብ የት እንደዋለ የመጠየቅ መብትም አላቸው። ለእንዲህ ያለ ማኅበር ከአርማ ይልቅ በየቀበሌው የሚለጠፍ የሒሳብ መግለጫ የበለጠ ስም ያተርፍለታል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ሳቢያ አርማ ሌላ ትርጉም አግኝቷል። በመንገድ ላይ የሚታይ ምልክት ሠራተኞችንና ሕሙማንን ሊጠብቅ ይችላል፤ የሚጠብቀው ግን በሁሉም ወገን ገለልተኛነቱ ሲታመን ብቻ ነው። በዚህ ረገድ የቀይ መስቀል ምልክት ከተራ የድርጅት መለያ የሚለየው በጄኔቫ ስምምነቶች ጥበቃ የሚደረግለት በመሆኑ ነው። የግል ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች ምልክቱን በሰሌዳቸው ላይ መሳላቸው የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

በአዲስ ዘመን የካላዛር ሕክምና ድርጅቱ ከወጣ በኋላም በመንግሥት ጤና ተቋም ቀጥሏል። ይህ ሊሆን የቻለው ማዕከሉ ከመጀመሪያው በጤና ተቋሙ ግቢ በመደራጀቱና ባለሙያዎች ምርመራውን በመልመዳቸው ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ለበሽታው ምርመራና ሕክምና አገር አቀፍ መመሪያ አውጥቷል።

ከጤና ተቋም ውጭም በዚሁ ዞን የሚጠቀስ ሥራ አለ። ኬር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 “ተስፋ” በሚል ስም ባካሄደው ፕሮጀክት በልጅነታቸው የተዳሩ 5,000 ያህል ልጃገረዶች በቁጠባና በጤና ትምህርት ቡድኖች ተደራጅተዋል። ከእነርሱም ጎን ለጎን የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሚወያዩባቸው ቡድኖች ነበሩ። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ከ4 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ቦታው የተመለሱ ገምጋሚዎች አብዛኞቹ የልጃገረዶች ቡድኖች ያለ ድርጅቱ ገንዘብ እየተሰበሰቡና እየቆጠቡ አግኝተዋቸዋል፤ እነርሱን አይተው በራሳቸው የተደራጁ አዳዲስ ቡድኖችም ነበሩ።