የተገዛችው ኦቦክ፣ ያልተገዛችው አምቡሊ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሬት በገንዘብ ገዝቶ አገር ማስፋት የተለመደ ነበር። ገና በወጣትነቷ አሜሪካ በ1803 ሉዊዚያናን ከናፖሊዮን በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዝታ ስፋቷን በእጥፍ ያህል አሳደገች፤ በ1867 አላስካን ከሩሲያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ወሰደች። (ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱም ሻጩ መንግሥት፣ ገዢውም መንግሥት ነበር፤ በመሬቱ ላይ የሚኖረውን ሕዝብ የጠየቀው ግን አልነበረም። በእኛ አቅጣጫ፣ ከአሰብ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ሻጮቹ የአፋር ሱልጣኖችና አለቆች ሲሆኑ መሬቱም የጎሣ የጋራ ግጦሽና ውኃ ነበር።

የኦቦክ ውል መጋቢት 11 ቀን 1862 ፓሪስ ላይ ተፈረመ። በአንድ ወገን የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቱቨኔል፣ በሌላው ወገን የአፋር አለቆችን ወክሎ ባሕር ተሻግሮ የሄደው ዲኒ አህመድ አቡበከር ነበሩ። ዋጋው 10,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ፈረንሳይ የኦቦክን ወደብና ከራስ አሊ እስከ ራስ ዱሜይራ የሚዘልቀውን ሜዳ አገኘች። ከመሬቱ ይልቅ የሚከብደው ግን ሌላው አንቀጽ ይመስለኛል፤ አለቆቹ ከሌላ የውጭ መንግሥት የሚመጣ ጥያቄን ያለ ፈረንሳይ ፈቃድ ላለመቀበል ቃል ገብተዋል። ይህን ተራ የመሬት ሽያጭ ለማለት ያስቸግራል፤ ከመሬቱ ጋር ከውጭ መንግሥት የመዋዋል ነጻነትም አብሮ ሄዷል።

አሰብ የተገዛችው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። የጣሊያን መንግሥት ከተመሠረተ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ሮማ እንኳን አልተጠቀለለችም። ቀድሞ በአገራችን ሚሲዮናዊ የነበረው ጁሴፔ ሳፔቶ ኅዳር 15 ቀን 1869 ከአካባቢው ሱልጣኖች፣ ከኢብራሂምና ከሐሰን ቢን አህመድ፣ ጋር በ6,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ተዋዋለ። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው ከዚህ ሁለት ቀን በኋላ ነበር። በወረቀቱ ላይ ገዢው መንግሥት አልነበረም፤ ሩባቲኖ የተባለው የመርከብ ኩባንያ ነበር። መንግሥት ራሱ ቦታውን ከኩባንያው የተረከበው በ1882 ሲሆን፣ በ1885 ምፅዋን ሲይዝ ግን ለማንም አልከፈለም። በ1890 ኤርትራ የተባለው ቅኝ ግዛት ታወጀ። በሌላ አነጋገር ገንዘቡ የገዛው የመጀመሪያውን እግር ማስገቢያ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በወታደር የተገኘ ነው።

በፈረንሳይ በኩልም የተገዛው መሬት ለሃያ ዓመት ያህል ተረስቶ ቆየ። በ1884 ከቻይና ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት እንግሊዞች ኤደን ላይ ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች የድንጋይ ከሰል ሲከለክሉ ኦቦክ ታሰበች፤ ሌዎንስ ላጋርድም ተሾመባት። የወደቧ መጠለያና ውኃዋ ግን ለትልቅ ከተማ የሚበቁ አልነበሩም። ስለዚህ ላጋርድ ዓይኑን ወደ ባሕረ ሰላጤው ደቡብ ዳርቻ አዞረ። መጋቢት 26 ቀን 1885 ከኢሳ አለቆች ጋር የተደረገው ውል አገራቸውን ፈረንሳይ ከባዕድ እንድትጠብቅላቸው የሚል የወዳጅነት ውል ነው፤ እንደ ኦቦክ የሽያጭ ዋጋ አልተቆረጠበትም። በ1888 ጅቡቲ ተቆረቆረች፤ በ1896 የአስተዳደሩ መቀመጫ ከኦቦክ ወደ እርሷ ተዛወረ።

ከጅቡቲ ከተማ አጠገብ ያለው አምቡሊ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች ይነገርለታል። አብዛኛውን ዓመት ደርቆ የሚከርመው የአምቡሊ ወንዝ፣ አሸዋው ሥር ውኃ ያቆራል፤ የመጀመሪያዎቹ አትክልት ቦታዎችና የከተማዋ መጠጥ ውኃ ከዚያ ነበሩ። መርከብም፣ የሐረር ግመልም፣ ከ1897 ጀምሮ የተዘረጋው ባቡርም ያለ ውኃ አይንቀሳቀሱም። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ኦቦክ ከንግዱ መንገድ ውጭ ሆና ቀርታለች። በ10,000 ብር የተገዛው ቦታ ዳር ሆነ፤ ያለ ክፍያ በፊርማ የተገኘው ዋና ከተማ ሆነ።

ስለዚህ ግዢን የግዛት መስፋፋት ዋና መሣሪያ አድርጎ መቁጠር፣ ቢያንስ በዚህ ዳርቻ፣ አያስኬድም። ግዢው ለሌሎች የኤውሮጳ መንግሥታት የሚታይ ማስረጃ ሰጠ፤ ግዛቱን የሠሩት ውኃው፣ መንገዱና የ1885ቱን የመሰሉ ውሎች ናቸው። ምኒልክም በመጋቢት 1897 ከላጋርድ ጋር ስለ ድንበር ሲዋዋሉ የተደራደሩት በዚህ መልክ ከተሠራ ጎረቤት ጋር ነበር።

ከ1977 ነጻነት ወዲህ ጅቡቲ መሬቷን ማከራየትን መርጣለች። በአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ላለው የጦር ሰፈር፣ ካምፕ ሌሞኒዬ፣ በ2014 በታደሰው ውል አሜሪካ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። እኛ ዘንድ የባሕር በር ክርክር ሲነሣ አሰብ ይጠቀሳል፤ የ1862ቱና የ1885ቱ ውሎች ግን እምብዛም አይነበቡም። የታሪክ ተመራማሪዎቻችን ሦስቱን ውሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ የአፋርና የኢሳ ሽማግሌዎችን ቃል ጨምረው እንዲመረምሩ እጠይቃለሁ።