ሕንፃዋን በፈንጂ የምታፈርስ ከተማ ታሪኳን የት ታኖራለች?

ኦክቶበር 27 ቀን 1993 ምሽት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በላስ ቬጋስ ዱንስ የተባለው ታላቅ ሆቴል በፈንጂ ሲደረመስ፣ ሕዝቡ እንደ በዓል ቀን ተሰብስቦ፣ ርችት እየተተኮሰለት ተመለከተ። ከዚያ ወዲህ ላንድማርክ፣ ሳንድስ፣ ስታርደስት፣ በ2024ም ትሮፒካና በተራ በተራ ፈርሰዋል። በሌላ አገር ቅርስ ጠፋ ተብሎ የሚለቀስበት ነገር በዚህች የኔቫዳ በረሃ ከተማ ትርኢት ነው።

ከተማይቱ ራሷ የሐራጅ ልጅ ናት። ሜይ 15 ቀን 1905 የባቡር ኩባንያው በሐዲዱ ዳር ያለውን መሬት በጨረታ መሸጥ ሲጀምር ተቆረቆረች። ቦታው ግን ከዚያ በፊት ባዶ አልነበረም፤ ምንጭ ስለነበረው የፓዩት ሕዝብ ለብዙ ዘመን ኖሮበታል። በ1931 ኔቫዳ ቁማርን ሕጋዊ አደረገች፤ በዚያው ዓመት የሁቨር ግድብ ግንባታ ተጀመረ። የቀረውን ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ዓለም የማያውቀው ከሐዲዱ ማዶ ያለውን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአቅራቢያዋ በሄንደርሰን የማግኒዚየም ፋብሪካ ሲቋቋም፣ ከሉዊዚያና ታሉላ እና ከአርካንሳስ ፎርዳይስ ከተባሉ ትንንሽ ከተሞች ጥቁር አሜሪካውያን ሥራ ፍለጋ ጎረፉ። አንዱ ሲመጣ ወንድሙን ይጠራል፣ ወንድሙ ደግሞ ጎረቤቱን ያስመጣል። ይህን አካሄድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። መኖሪያቸው ግን ዌስትሳይድ በሚባለው የምዕራብ ሰፈር ተወሰነ። የሰፈሩ መንገድ አቧራ ነበር፣ ብዙው ቤትም የቧንቧ ውኃ አልነበረውም። ከተማይቱን “የምዕራቡ ሚሲሲፒ” ይሏት የነበረውም ያለ ምክንያት አይደለም። እነ ሳሚ ዴቪስ ጁንየር በስትሪፑ ሆቴሎች መድረክ ላይ ሲያስጨበጭቡ አምሽተው፣ በዚያው ሆቴል አልጋ ስለሚከለከሉ፣ ለማደር ወደዚህ ሰፈር የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ይመጡ ነበር።

በሜይ 1955 ጥቁርና ነጭ አብረው የሚስተናገዱበት ሙላን ሩዥ ሆቴል ተከፈተ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ቁማር ቤቱ ተዘጋ። በማርች 1960 የጥቁሮች መብት ማኅበር (ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ.) የከተማው ሊቀ መንበር የነበሩት የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ጄምስ ማክሚላን፣ ሆቴሎቹ በራቸውን ለጥቁር እንግዶች ካልከፈቱ ሰልፍ እንደሚደረግ አስጠነቀቁ። ማርች 26 ቀን በዚያው በሙላን ሩዥ በተደረገ ስብሰባ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሕንፃው በ2003 በእሳት ተበላ። የስሙ የመብራት ጽሑፍ ብቻ በከተማይቱ ኒዮን ሙዚየም ቆሟል።

መዝገቡስ የት አለ? ሆቴሎቹ የየራሳቸው ፎቶግራፍ አንሺ ነበራቸው፤ ዘፋኙና ዳንሰኛው በብዙ ሺህ ፎቶግራፍ ተቀምጠዋል። አልጋ ያነጠፈችው ሴት ግን በፎቶው ውስጥ የለችም። ክሊንተን ራይት የተባለው ፎቶ አንሺ በ1960ዎቹ የምዕራብ ሰፈርን ኑሮ ባያነሣ ኖሮ፣ የዚያ ዘመን ሰፈር መልኩ እንኳ ይጠፋ ነበር። ፎቶግራፎቹ ዛሬ በላስ ቬጋስ በሚገኘው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ2003 በዚያው ቤተ መጻሕፍት የቃል ታሪክ ጥናት ማዕከል ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዋ ኃላፊ ክሌቲ ኋይት ነበሩ። ሙላን ሩዥ የተቃጠለበትና ማዕከሉ የተቋቋመበት ዓመት አንድ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው አጋጣሚ ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ቴፕ አስቀምጦ ሽማግሌን ማናገር። ይሁን እንጂ የአንድ ሰዓት ንግግር ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ጽሑፉ ለተናጋሪው ተመልሶ ይታረማል፣ የፈቃድ ወረቀት ይፈረማል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለሕዝብ የሚከፈተው። የሰው ትዝታ ዓመተ ምሕረት ያሳስታል፤ ለዚያ የቆዩ ጋዜጦችን ማመሳከር ይቻላል። በየትኛው በር ይገቡ እንደነበር፣ ማን ብድር እንደሰጠ፣ ማን ፊቱን እንዳዞረ ግን ጋዜጣው አልጻፈውም።

ሩቢ ደንከንን የመሰሉ እናቶች ታሪክ የታወቀው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ኔቫዳ የድሆችን ድጎማ በቆረጠች ጊዜ፣ ማርች 6 ቀን 1971 እነዚህ እናቶች በስትሪፑ ላይ ሰልፍ ወጥተው ሲዘርስ ፓላስ ገቡ፤ ቁማሩም ቆመ። ከአላባማ የመጡት የዐሥር ልጆች እናት ሃቲ ካንቲም በሆቴል አልጋ አንጣፊነት ከሠሩ በኋላ በ1990 የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር (ኩሊነሪ 226) ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ማኅበሩ በ1991 ፍሮንቲየር ሆቴል ላይ የጀመረው የሥራ ማቆም አድማ ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ በ1998 በድል አለቀ። ዛሬ በላስ ቬጋስ ሆቴሎች የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የሚያገኘው የጤና መድንና ጡረታ ከዚህ ትግል ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህን ግን ስንቱ ሰምቶታል?

በዚያች ከተማ ታክሲ የሚነዱ፣ ክፍል የሚያጸዱ፣ ምግብ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ያቋቋሙ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ መጪዎች ፀጉር ሸብቷል። የዕድር ቃለ ጉባኤ በአንድ ጸሐፊ ቤት፣ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ ካሴት ደግሞ በየጋራዡ ይገኛል። የካሴት ክር ሙቀት ያበላሸዋል፤ የላስ ቬጋስ ጋራዥ ደግሞ በበጋ ምን ያህል እንደሚግል የኖረበት ያውቀዋል። ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ቢጠይቋቸው መልሱ አጭር ይሆናል። በአማርኛ፣ ቡና ተፈልቶ፣ “መጀመሪያ የት አደሩ? ያን የሥራ ማመልከቻ ማን ሞላልዎ? ከሌሊት ፈረቃ በኋላ የት ትገናኙ ነበር?” ቢባሉ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ንግግሩ በተነገረበት ቋንቋ ተጽፎ፣ አንዱ ቅጂ ለቤተ መዛግብት፣ ሌላው ለቤተሰቡ ይቀመጣል። ተናጋሪው “ይህቺን እኔ በሕይወት ሳለሁ አታውጧት” የሚለው ነገር ካለም በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል።