ቁርጥማት ሲያገረሽ፦ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ሰዎች ማወቅ የሚገባቸው

የእጅ ጣቶችና የእግር መገጣጠሚያዎች ሲያብጡና ሲቆረጥሙ፣ በሐረር ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በቅድሚያ የሚሰጠው ስም ‹‹ብርድ ነው›› ወይም ‹‹ቁርጥማት ነው›› የሚል ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ሕመሞች ግን ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በሕክምናው አጠራር ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። በሽታው እየበረደ ደግሞ የሚያገረሽ በመሆኑ፣ ብዙዎች ሕመሙ ሲታገስላቸው የዳኑ ይመስላቸዋል። መድኃኒቱን የሚያቋርጡትም ያኔ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚከሰተው የሰውነት የመከላከል ኃይል ተሳስቶ የራሱን የመገጣጠሚያ ውስጠኛ ሽፋን ሲያጠቃ ነው። ብግነቱ ካልተገታ ልም አጥንቱንና አጥንቱን ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ጣቶችንም ያጣምማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 18 ሚሊዮን ሰዎች ከበሽታው ጋር ይኖሩ ነበር፤ 70 በመቶ ያህሉም ሴቶች ናቸው። ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ቢችልም የበሽታው መንሥኤ አይደለም።

የሁለቱም እጆች ወይም እግሮች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ማበጥ፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ መተሳሰርና ብርቱ ድካም ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ሪህ በበኩሉ ብዙውን ጊዜ በአንድ መገጣጠሚያ፣ በተለይም በእግር አውራ ጣት ላይ በድንገት ይነሣል። ያልተፈላ የላም፣ የፍየል ወይም የግመል ወተት በመጠጣት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። ስለዚህ ከብት የሚያረባ ወይም ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል።

ሲያገረሽ በቤትና በማሳ

ሕመሙ ያገረሸበት መገጣጠሚያ ዕረፍት ያስፈልገዋል፤ ቀናትን በሙሉ አልጋ ላይ ማሳለፍ ግን ጡንቻን ያደክማል፤ መተሳሰሩንም ያብሳል። የሚመከረው ከባዱን ሥራ ለጥቂት ቀናት አቆይቶ መገጣጠሚያውን በቀን ብዙ ጊዜ በዝግታ ማዘርጋትና ማጠፍ ነው። ላበጠና ለሚያቃጥል መገጣጠሚያ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማድረግ ሕመሙን ያበርዳል። ለጠዋቱ መተሳሰር ደግሞ እጅን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይረዳል።

ሥራን ማቅለልም የሕክምናው አካል ነው። የዶማና የማጭድ እጀታ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ሲወፍር ጣቶች አጥብቀው መጨበጥ አያስፈልጋቸውም። ሰፌድና ሞሰብ የምትሰፋ እናትም የወስፌዋን እጀታ በዚሁ መንገድ ማወፈርና በየ20 ደቂቃው እጇን ማሳረፍ ትችላለች። ዕቃን በጣት ከማንጠልጠል በክንድ ወይም በትከሻ መሸከም ይሻላል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በሐረሪ ባህላዊ ቤት ነደባ ላይ ሲቀመጥ ከፍ ያለውን ቦታ ቢመርጥ ለመነሣት አይቸገርም። በጁገል ቁልቁለታማ የድንጋይ መተላለፊያዎች ሲወጡና ሲወርዱ ምርኩዝ መያዝ ተገቢ ነው።

የሕመም ማስታገሻና የበሽታው መድኃኒት

እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ መድኃኒቶች ሕመሙን ያስታግሳሉ፤ አጥንቱ እንዳይበላ ግን አይከላከሉም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መውሰድ አይገባም። የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊወስዷቸው አይገባም።

በሽታውን በራሱ የሚገታው እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ መድኃኒት ነው። ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ መውሰድ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ቀኑን፣ ለምሳሌ ዓርብን፣ ወስኖ ለቤተሰብም ማሳወቅ ይበጃል። መድኃኒቱ ፅንስን ስለሚጎዳ ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ማማከር ይኖርባታል።

ፕሬድኒሶሎን በፍጥነት የሚያሽል በመሆኑ አንዳንዶች ያለ ማዘዣ እየገዙ ለወራት ይወስዱታል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ አጥንትን ያሳሳል፤ ለበሽታም ያጋልጣል። በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ስለሆነ መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ምክር ብቻ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው በዋገምት መበጣትም ሆነ መተኮስ የለበትም፤ ቁስሉ በቀላሉ ሊመረቅዝ ይችላል።

ጾምና ጫት

የሕመም ማስታገሻ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ጨጓራን ይጎዳል። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም የሚጾም ሰው መድኃኒቱን ከማቋረጥ ይልቅ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ከማፍጠሪያው ምግብ በኋላ ሊያደርገው ይችላል።

ሜቶትሬክሴት ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። በሐረር ሁለት ሆስፒታሎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ተጋላጭነትን እንደሚጨምር አመልክቷል። ስለዚህ የሚቅም ሰው ልማዱን ከሐኪሙ መደበቅ የለበትም። ሲጋራም በሽታውን ያባብሳል።

በአስቸኳይ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት ቀልቶ ከትኩሳት ጋር ካበጠ መግል የቋጠረ ሊሆን ስለሚችል ቀን የሚሰጠው አይደለም። የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ያለበት ትውከት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዐይን መቅላትና ሕመም፣ ሜቶትሬክሴት በሚወስድ ሰው ላይ የሚታይ ትኩሳትና የአፍ ቁስለትም እንዲሁ ናቸው።

እብጠቱና የጠዋቱ መተሳሰር ከ6 ሳምንት በላይ ከቆየ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድና እንደ ሕይወት ፋናና ጁገል ወዳሉት ሆስፒታሎች ሪፈር መጠየቅ ያስፈልጋል። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲጀመር የእጅን ቅርጽና ጉልበት የማቆየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ የተጣመመ ጣት ግን በክኒን አይቃናም።